ልቦለዶቹ መደርደሪያው ላይ ይቆዩ



ባለፈው የጀመዓ ስብሰባ ላይ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከግቢ ውጭ በተከራየናት ክፍል ያለችው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት ልቦለዶች ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚል ነው። ብዛታቸው ከዐሥራ አምስት አይበልጥም። ገሚሶቹን ተመራቂዎች ጥለዋቸው ሄደዋል፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የተገዙ ናቸው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ላለፉት ሁለት ሴሚስተሮች ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ጊዜ እነዚህን መጻሕፍት አብረን ስናነብ የቆየን ስምንት ተማሪዎች፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት ሐሳባችንን በዚህ ገጽ ማስፈር ፈለግን። እኛ ይቆዩ ባዮች ነን።

ይነሱ ያሉት ወገኖቻችን ያቀረቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ሒፍዝ ጀምሮ ያቋረጠ፣ ለፋይናል ያልተዘጋጀ ተማሪ ወፍራም ልቦለድ ይዞ ሲቀመጥ ማየት እኛንም ያሳስበናል። ልቦለድ ውስጥ ዝሙትም፣ መጠጥም፣ ስድብም አለ የሚለውም እውነት ነው። አንድ ወንድማችን ደግሞ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ከውሸት በምን ይለያል?» ሲል ቤቱ ጸጥ አለ።

ከሁሉም ይልቅ ያስጨነቀን ግን ከደጋፊዎቻችን የመጣው ሐሳብ ነው። «ትምህርት የሚሰጡት ይቆዩ፣ ሌሎቹ ይነሱ» ተባለ፤ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። መካከለኛ መንገድ ስለሚመስል ደስ ይላል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ግን መደርደሪያው ላይ የሚቀሩት ደካሞቹ መጻሕፍት ናቸው። ትምህርቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጨምቆ የሚወጣ ልቦለድ ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩን ከሰማን በኋላ መጽሐፉን ማንበብ ለምን ያስፈልገናል? ይህን ልማድ ያመጣነው ከሃይስኩል ይመስለናል። የአማርኛ ፈተና ላይ «የልቦለዱ ጭብጥ ምንድን ነው?» ተብለን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ስንመርጥ ስላደግን፣ መጽሐፍ ሁሉ መልሱ ጀርባው ላይ የተጻፈ ጥያቄ ይመስለናል።

የወንድማችንን ጥያቄ እናስቀድም፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከኛ በፊት የነበረ ነው። አል-ሐሪሪ የበስራ ሰው ነበሩ፤ በ1122 አረፉ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን፣ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሃምሳ መቃማት ጽፈዋል። በውስጣቸው አቡ ዘይድ የሚባል አንደበተ ርቱዕ አጭበርባሪ ከከተማ ከተማ ይዞራል። አንድ ቀን ወዒዝ ሆኖ ሕዝቡን ያስለቅሳል፣ ሌላ ቀን ለማኝ ሆኖ ይቀርባል፤ ሰውን በቋንቋው እያስደመመ ኪሱን ያራግፍለታል። አቡ ዘይድን የፈጠሩት ደራሲው ናቸው። ታሪኩን የሚተርክልን አል-ሓሪስ ኢብን ሀማምም እንደዚሁ የተፈጠረ ሰው ነው። ይህ መጽሐፍ ዐረብኛን ጠለቅ አድርገው በሚማሩ ደረሳዎች እጅ ለዘመናት ኖሯል፤ ዑለሞችም ሸርሕ ጽፈውበታል። አል-ሐሪሪ ወቀሳው እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና በመቅድማቸው ላይ አስቀድመው መልስ ሰጥተዋል። እንስሳትና ግዑዛን የሚናገሩባቸውን ተረቶች ማንም ሳይጸየፍ ሲሰማ ኖሯል፤ የኔስ ከዚያ በምን ይለያል? የሰው ሥራስ በኒያው አይደለም ወይ? የሚል ይዘት ያለው መልስ ነው።

በዚህ ላይ እኛ የምንጨምረው ትንሽ ነው። ውሸታም ሰው እንድናምነው ይፈልጋል። ደራሲ ግን ገና ሽፋኑ ላይ «ልቦለድ» ብሎ ጽፎ ነው የሚሰጠን። ቃሉ ራሱ ልብ የወለደው ማለት ነው፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ስለወጣ ስሙ ለዘርፉ ሁሉ ተረፈ። እንዲህ በግልጽ ከተነገረን በኋላ ማን ተታለለ ሊባል ይችላል?

አሁን በጣም ወደወደድነው መጽሐፍ እንምጣ። ከመደርደሪያው መጀመሪያ ያወረድነው የአብዱልረዛቅ ጉርናህን «ፓራዳይዝ» ነው፤ «ጀነት» እንደማለት። ጉርናህ በ1948 ዛንዚባር ተወለዱ። ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ገና በወጣትነታቸው ደሴቲቱን ለቀው እንግሊዝ ገቡ፤ በኬንት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ ሥነ ጽሑፍ አስተማሩ፤ በ2021 ደግሞ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኙ። «ፓራዳይዝ» የታተመው በ1994 ነው፤ በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር።

ታሪኩ የሚካሄደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀደም ብሎ፣ ጀርመኖች ዛሬ ታንዛኒያ የምንላትን አገር በያዙበት ዘመን ነው። ዩሱፍ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ትንሽ ሆቴል አለው፤ ኑሮው ግን አልሆነለትም። አጎት ዓዚዝ የሚባል ሀብታም ነጋዴ አልፎ አልፎ በቤታቸው ያርፋል፤ ሲሄድም ለልጁ ሳንቲም ይሰጠዋል። አንድ ቀን ዩሱፍን አሰናድተው ከአጎት ዓዚዝ ጋር በባቡር ይልኩታል። የባሕሩ ዳር ከተማ ሲደርስ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ኸሊል የሚባል ወጣት እውነቱን ያፈርጥለታል፦ ሰውየው አጎትህ አይደለም፣ አባትህ ዕዳውን መክፈል ስላቃተው አንተን መያዣ አድርጎ ሰጥቶሃል። ኸሊል ራሱም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በስዋሂሊ እንዲህ ያለው ልጅ «ሬሃኒ» ይባላል። ፊቅህ የቀራችሁ «ረህን» የሚለውን ምዕራፍ ታስታውሳላችሁ፤ እኛም ቃሉን ስናየው ከሩቅ የመጣ ዘመድ ያገኘን ያህል ነው የተሰማን።

እንግዲህ አስቡት። ስሙ ዩሱፍ ነው። መልከ መልካም ነው፤ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በሩቅ አገር በሰው ቤት ያድጋል። የቤቱ ጌታ ዓዚዝ ይባላል። በግንብ በታጠረ የአትክልት ስፍራ ማዶ የነጋዴው ሚስት ተቀምጣ ልጁን ታየዋለች። ሱረቱ ዩሱፍን የቀራ ሰው እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሸሚዙን ነው የሚጠብቀው። ሸሚዙም ይመጣል፤ ከኋላው ተቀድዶ። ያን ገጽ ጮክ ብላ ታነብልን የነበረችው እህታችን መሀል ላይ አቁማ ሳቀች፣ ከዚያም ዝም አለች፤ ለጥቂት ጊዜ ማንም «ቀጥይ» አላላትም። ሱራውን የማያውቅ አንባቢ ይህን ቦታ በማብራሪያ ሊረዳው ይችላል፤ እኛ ግን ማብራሪያ አላስፈለገንም። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ጀምሮ የቤታችን እውቀት ለአንድ መጽሐፍ ቁልፍ ሆኖ ያገኘንበት ጊዜ ብዙ አይደለም፤ ደስታውም ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጉርናህ ነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) አልጻፉም፤ ስማቸውን የያዘ ተራ ልጅ ነው የጻፉት። መጽሐፉን የሚያስነብበውም ልዩነቱ ነው። ነቢዩላህ ዩሱፍ የሕልም ፍቺ ተሰጥቷቸዋል፤ ይህ ልጅ ሌሊት ለሚያባንነው ቅዠት ፈቺ የለውም። እርሳቸው በምድሪቱ ጎተራዎች ላይ ተሹመዋል፣ ከአባታቸውም ጋር ተገናኝተዋል፤ ይህ ልጅ ቁርኣን ማንበብ እንደማይችል ይታወቅበትና ከሕፃናት ጋር መድረሳ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ ታሪኩን አስቀድመን የምናውቀው ስለሚመስለን በየገጹ «እዚህ ላይ ይወጣል፣ እዚህ ላይ ያልፍለታል» እያልን እንጠብቃለን። ያልፍለት እንደሆን አንነግራችሁም፤ ስምንታችንም በመጨረሻው ገጽ ላይ እስከዛሬ አልተስማማንም።

በዚያ አትክልት ስፍራ የሚሠራ ሐምዳኒ የሚባል ሽማግሌ አለ። ዕድሜውን በባርነት የኖረ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። እመቤቲቱ ነጻ ላውጣህ ብትለው እንቢ ብሏል። ዩሱፍ ምክንያቱን ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ፣ በራሳችን አነጋገር፣ ነጻነቴ ከመጀመሪያውም በእጃቸው ስላልነበረ ሊሰጡኝ አይችሉም የሚል ነው። የሕግ ተማሪው ወንድማችን ይህን ሲሰማ ተናደደ። «ይሄ ባርነትን ማቆንጀት ነው፤ ጌቶቹ ይህን መልስ ቢሰሙ ደስ ነው የሚላቸው» አለ። ሌላዋ ደግሞ በዚያ ግቢ ውስጥ ነጻ ሰው ሐምዳኒ ብቻ ነው፣ ነጋዴው ራሱ እንኳ አይደለም ብላ ቆመች። አርባ ደቂቃ ተከራከርን፤ በሌለ ሰው! ዒሻ ባይደርስ አንላቀቅም ነበር። «የሐምዳኒ ትምህርት ምንድን ነው?» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ የሚያልፍ ሰው ያቺን ምሽት አያገኛትም።

ሁለተኛው መጽሐፍ አጭር ነው፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው የባሰ አጣልቶናል። ማሪያማ ባ ዘጠኝ ልጆች የወለዱ የሴኔጋል አስተማሪ ነበሩ። በፈረንሳይኛ የጻፉት ልቦለድ በ1979 ታተመ፤ የእንግሊዝኛው ርእስ «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» እንደማለት ነው። በ1980 ኖማ የተባለው የአፍሪካ መጻሕፍት ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እርሳቸው ሆኑ፤ በዓመቱ አረፉ። ራማቱላይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ ላይ ተቀምጣ ለልጅነት ጓደኛዋ ለአይሳቱ ትጽፋለች፤ መጽሐፉ ደብዳቤው ነው። አራት ወር ከዐሥር ቀን ምን እንደሆነ ለእናንተ መተርጎም አያስፈልግም።

ዐሥራ ሁለት ልጅ የወለደችለት ባል፣ የገዛ ሴት ልጁን የትምህርት ቤት ጓደኛ ሁለተኛ ሚስት አድርጎ አግብቶ ነበር። ራማቱላይ የሰማችው ኒካሑ ካለፈ በኋላ ነው። የባሏ ወንድም፣ የባሏ ጓደኛና ኢማሙ ሦስት ሆነው ቤቷ መጡና ነገሯት። አመስግና ሸኘቻቸው። የአይሳቱም ባል ሌላ አግብቶ ነበር፤ አይሳቱ ትዳሩን ትታ ወጣች። ራማቱላይ ግን ቆየች። ደራሲዋ ይህችኛዋ ልክ ናት፣ ያችኛዋ ተሳስታለች አይሉንም። ሁለቱ ሴቶች እስከመጨረሻው ይዋደዳሉ።

ወንድሞች ወዲያው ወደ ፊቅህ ሄድን። ይፈቀዳል፣ ቅድመ ሁኔታዎቹም እነዚህ ናቸው፤ አንዱ ደሊል አመጣ፣ ሌላው ጨመረበት። እህቶች እስኪያልቅ አዳመጡን። ከዚያ አንዷ «እሱን ማን ካደ? እስቲ ሳሎኗን እንደገና አንብቡት፤ ማን የት ተቀምጧል? መጀመሪያ የተናገረው ማነው? ኢማሙ ምን እያየ ነበር?» አለች። እንደገና አነበብነው። ሦስት ወንዶች ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ፣ ነገሩን አላህ የወሰነው ነው ሲሉ፣ እሷ ፈገግታዋን ስትይዝ፤ በመጀመሪያው ንባብ ይህን ሁሉ እንደ መግቢያ ቆጥረነው ነበር ያለፍነው። ፊቅህ ሕጉን ይነግረናል። ያ ገጽ ደግሞ ሕጉን ይዘው የመጡት ሰዎች በሩን እንዴት እንዳንኳኩ ያሳየናል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ለሽምግልና ተልኮ የሰው ሳሎን የሚቀመጥ ወንድም ግን ሁለቱንም አውቆ ቢሄድ እንመርጣለን።

እንዲህ ያለ ንባብ ቀርፋፋ ነው፤ በሳምንት ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ገጽ ነው የምንሄደው። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ፎቶ ኮፒው ላይ ይከተላሉ፤ ያልገባው ያስቆማል። እንግሊዝኛው ለሁላችንም እኩል አይቀልም፤ አንድ ቃል ላይ ሦስት ሰው መዝገበ ቃላት የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ዘመዶቻቸው ወሎ የቀሩ ሁለት ልጆች አሉን፤ የመጀመሪያውን ሐሙስ እንዳዩ «ይሄማ ቂርአት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዳና፣ በገታ፣ በሾንኬ ደረሳው ኪታቡን ዘርግቶ ሸይኹ ፊት ይቀመጣል፤ መስመር በመስመር ይነበባል፣ ይፈታል፣ ይጠየቃል፤ አንድ ኪታብ ላይ ረጅም ጊዜ መቀመጥ የሚያሳፍር አልነበረም። ኪታብና ልቦለድ ደረጃቸው አንድ ነው እያልን አይደለም። አቀማመጡ ግን ከቤታችን የወጣ ነው፤ ከማንም አልተበደርነውም። ስልካችን ባለ ሦስት መቶ ገጹን መጽሐፍ በዐሥር ደቂቃ አሳጥሮ ሲሰጠን «አነበብኩት» ለማለት የምንቸኩለው ያንን አቀማመጥ ስለረሳን ይመስለናል። ያጠረው ልቦለድ ውስጥ ሐምዳኒ የለም፤ ሳሎኑም የለም።

ጊዜን በተመለከተ ብዙ አንናገርም፤ በሳምንት አንድ ምሽት ነው፣ ከስምንታችን ሁለቱ ሒፍዝ ላይ ናቸው፣ አላቋረጡም። ይዘትን በተመለከተ ግን ሁሉም መጽሐፍ ይቆይ አላልንም። ሁለት ሽፋናቸው የሚያብረቀርቅ የፍቅር መጻሕፍትን እኛው ራሳችን አንስተናል፤ ብልግናቸው አንድ ነገር ሆኖ አሰልቺነታቸው ደግሞ አይቻልም ነበር። ስለ ኃጢአት የሚጽፍ መጽሐፍ ሁሉ ግን ወደ ኃጢአት አይጠራም። «ፓራዳይዝ» ውስጥ ባለጌ አፍ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ የነሱን ንግግር የሰማ ሰው ምን ዓይነት ዓለም ውስጥ አንድ ልጅ ብቻውን እንደተጣለ ይገባዋል እንጂ ንግግራቸውን አይመኝም። ልዩነቱን ለማወቅ መጽሐፉን ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ስብሰባው ላይ ከተናገሩት መካከል ከዐሥራ አምስቱ አንዱን እንኳ የከፈቱ ስንት እንደነበሩ ብንጠይቅ ክፋት የለውም።

ልቦለዶቹ እንዲቆዩ የምንፈልግበት ሌላም ምክንያት አለን፤ በስብሰባው ላይ አልተነሣም። ብዙዎቻችን ቅኔ ቤት ገብተን አናውቅም። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሙስሊም ተማሪ የበዛብህን ቅኔ ቤት፣ የአብነት ተማሪውን ኑሮ፣ የጎጃምን ደብርና ባላባት ከውስጥ ሆኖ አይቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎረቤታችንን አሳወቁን፤ ዶርም ስንገባ ከክርስቲያን ጓደኛችን ጋር የምናወራው ነገር ነበረን። ለዚያ ጓደኛችን ግን የደረሳውን ሕይወት፣ ኪታቡን አዝሎ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ የሚሄደውን ልጅ፣ የእናቱን ዱዓ፣ የረመዳንን ሌሊት በዚያ ጥራት ጽፎ የሚያሳየው የአማርኛ ልቦለድ መደርደሪያችን ላይ የለም። ማሪያማ ባ ዒዳን ለዓለም አስነበቡ፤ ጉርናህ ሱረቱ ዩሱፍን የሚያውቅ ልጅ ብቻ ሙሉ በሙሉ የሚሰማውን ልቦለድ ጻፉ። የኛንም የሚጽፈው ከዚህ ግቢ ይወጣ ይሆናል። ግን ልቦለድ ሳያነብ ልቦለድ የጻፈ ሰው አልገጠመንም፤ መደርደሪያውን ባዶ አድርገን ጸሐፊ ብንጠብቅ ከየት ይመጣል?

የሚቀጥለው ሐሙስ አዲስ መጽሐፍ እንጀምራለን፤ የሱዳኑ የጠይብ ሷሊሕ «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1966 በዐረብኛ ነው። ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ አንድ ወጣት በዓባይ መታጠፊያ ያለች መንደሩ ሲደርስ የማያውቀው እንግዳ ሰው ሰፍሮባት ያገኛል። ከጣና የወጣው ውኃችን ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ተደባልቆ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። መጽሐፉ ከበድ ያለ ነው፤ የሚረብሹ ቦታዎች አሉት፣ አስቀድመን እንናገራለን፤ ስለዚህም ነው አብረን የምናነበው። ዐረብኛ የሚችል ሰው ቢመጣ የዐረብኛውን ቅጂ አግኝተናል፣ እያስተያየን እንሄዳለን። የእንግሊዝኛው አራት ፎቶ ኮፒ አለ፤ ሁለት ለሁለት ሆነን እንካፈላለን።

ይነሱ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች በተለይ ብትመጡ ደስ ይለናል፤ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ገጾች አብራችሁን አንብቡና ከዚያ ተቃወሙን። መግሪብን መስጂድ ሰግደን ወዲያው ክፍሏ ውስጥ ነን፤ ሻይ አለ። ስብሰባው በማግስቱ ጁሙዓ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው።